«ግማሹን እገምታለሁ፣ ጓደኛዬን ግን አጣሁት»

የምክር ዓምድ

ደብዳቤው

«ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። የ24 ዓመት ወጣት ነኝ። ሐዋሳ፣ አቶቴ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የኳስ ውጤት መገመት በጣም እወዳለሁ። ቤቲንግ አልገባም፣ አንድ ብር አስይዤ አላውቅም። ዓርብ ማታ ደብተሬን ከፍቼ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግንና የእኛን ሊግ ጨዋታዎች ማን እንደሚያሸንፍ፣ ስንት ለስንት እንደሚያልቅ እጽፋለሁ፤ ማክሰኞ ላይ እቆጥራለሁ። አሸናፊውን ከሁለት ጨዋታ በአንዱ አገኛለሁ፤ ትክክለኛውን ውጤት ግን ከስንት አንዴ ነው። ኳስ የምናይበት ዲኤስቲቪ ቤት ያሉ ልጆች ይህን ስለሚያውቁ «ሹር ጨዋታ ስጠን» ይሉኛል። ሲያሸንፉ ሻይ ይጋብዙኛል፣ ሲበሉ ይሰድቡኛል። ባለፈው ወር የልጅነት ጓደኛዬ እኔ «ይሄ እርግጠኛ ነው» ባልኩት ጨዋታ የቤት ኪራዩን አስይዞ ተበላ። አሁን ሰላም አይለኝም። ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ ደግሞ «ነገ አንተም እዚያው ትገባለህ፣ ያንን ደብተር አቃጥለው» ትለኛለች። ልተው? ካልተውኩስ እንዴት ልሻሻል? የአርሰናል ደጋፊ ነኝ፤ የራሴን ቡድን መገመትስ አለብኝ?» ኮፒ ቤቱ ልጅ፣ ከሐዋሳ

መልሱ

ወንድሜ፣ ደብተሩን አታቃጥለው። እህትህም ይህን ያለችው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ስለ እሷ እመለስበታለሁ። ደብዳቤህን ሳነብ የታየኝ ነገር ቢኖር ግምትህ ያልተሻሻለበትም፣ ጓደኛህ የተቀየመህም በአንድ ምክንያት መሆኑ ነው። ገና ያልተጀመረውን ጨዋታ «አለቀ» ብለህ ትዘጋዋለህ። ለራስህ በደብተርህ ላይ ትዘጋዋለህ፣ ለጓደኞችህ ደግሞ በአፍህ። እዚህ ላይ ልማድህን ብትለውጥ ሌላው ብዙ አያስቸግርህም።

መጀመሪያ «ከሁለት አንዱን አገኛለሁ» ያልከውን እንመዝነው። በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ 20 ክለቦች በአንድ የውድድር ዘመን 380 ጨዋታ ያደርጋሉ። የብዙ ዓመታቱ አንድ ላይ ሲታይ ከመቶ ጨዋታ 45 ገደማውን ባለሜዳው ያሸንፋል፣ ሩብ ያህሉ በአቻ ያልቃል፣ የቀረው 30 ገደማ ለእንግዳው ነው። እንግዲህ ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው በየጨዋታው ላይ ዝም ብሎ «ባለሜዳው» እያለ ቢሞላ ከመቶው 45ቱን ያገኛል ማለት ነው። አንተ 50 ካገኘህ ከእርሱ የምትበልጠው በአምስት ነው። ይህን የምልህ ላሳንስህ አይደለም። አምስትም ከሆነ አምስት ነው። ነገር ግን በመቶ ጨዋታ ውስጥ የአምስት ልዩነት በዕድል ብቻም ይመጣል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም። ስለዚህ የአንድ ወር ደብተር ስለ ችሎታህ ብዙ አይነግርህም። አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ስትይዝ ግን ቁጥሩ መናገር ይጀምራል።

ለምን ይህን ያህል ይከብዳል? ግብ ጥቂት ስለሆነ ነው። በአንድ የፕሪሚየር ሊግ ጨዋታ የሚቆጠረው በአማካይ ሦስት እንኳ የማይሞላባቸው ዓመታት ይበዛሉ። ሁለት ሦስት ግብ በሚወስነው ጨዋታ ውስጥ አግዳሚ የመለሰው ኳስ፣ አንድ ቀይ ካርድ፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የተሻለውን ቡድን ባዶ እጁን ሊሸኘው ይችላል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2022 የሆነውን አስታውስ። አርጀንቲና 36 ጨዋታ ሳትሸነፍ ወደ ኳታር ዓለም ዋንጫ ገባች። በመጀመሪያው አጋማሽ ብቻ ሦስት ግቦቿ ከጨዋታ ውጭ ተብለው ተሻሩ፤ ሳዑዲ ዓረቢያ ከእረፍት መልስ ሁለት አስቆጥራ 2 ለ 1 አሸነፈች። ያችው አርጀንቲና መጨረሻ ላይ ዋንጫውን አነሳች። ከዚያ ጨዋታ በፊት «አርጀንቲና 85 በመቶ» ብሎ የጻፈ ሰው ጥሩ ገማች ሊሆን ይችላል። «አርጀንቲና፣ አለቀ» ብሎ የጻፈው ግን ተሳስቷል፤ አርጀንቲና ብታሸንፍም ተሳስቶ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ከሚቀጥለው ዓርብ ጀምሮ በየጨዋታው ፊት ሦስት ቁጥር ጻፍ፦ ባለሜዳው፣ አቻ፣ እንግዳው። ድምራቸው 100 ይሁን። «50፣ 25፣ 25» እንደማለት። የጻፍከውን ጨዋታው ከተጀመረ በኋላ አትንካው።

ማክሰኞ ላይ ስትቆጥር «አገኘሁ፣ አላገኘሁም» የሚለውን ተወውና የብራየርን መለኪያ ተጠቀም። ግሌን ብራየር አሜሪካዊ የአየር ሁኔታ ባለሙያ ነበር፤ መለኪያውን እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው «ነገ የመዝነቡ ዕድል ይህን ያህል በመቶ ነው» የሚሉ ትንበያዎችን ለመመዘን ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መቶኛውን ወደ አስርዮሽ ቀይር፤ 50 በመቶ 0.50 ይሆናል። ለሆነው ውጤት 1፣ ላልሆኑት ለሁለቱ 0 ስጥ። በጻፍከውና በሆነው መካከል ያለውን ልዩነት በራሱ አባዛና ሦስቱን ደምር። «50፣ 25፣ 25» ብለህ ባለሜዳው ካሸነፈ 0.375 ታገኛለህ። እንግዳው ካሸነፈ 0.875 ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ግምትህ ጥሩ ነው። አሁን ደፍረህ «80፣ 15፣ 5» ጻፍ እንበል፤ ባለሜዳው ካሸነፈ 0.065 ብቻ ነው፣ በጣም ግሩም። እንግዳው ካሸነፈ ግን 1.565 ይመጣብሃል። ከልክ በላይ የተማመነ ሰው በዚህ መለኪያ ክፉኛ ይቀጣል፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው።

የምትፎካከረው ደግሞ ከዚያው ኳስ አይቶ ከማያውቀው ሰው ጋር ነው። እርሱ በየጨዋታው «45፣ 25፣ 30» እያለ ቢጽፍ አማካዩ 0.645 አካባቢ ይሆናል። የአንተ የዓመቱ አማካይ ከዚህ በታች ከወረደ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር በእርግጥ ሥራ ሠርቷል ማለት ነው። ሌላም ፈተና አለ፦ «70 በመቶ» ያልካቸውን ግምቶች በሙሉ ለብቻ ሰብስባቸው። ከአሥሩ ሰባት ያህል ሆነዋል? ከአሥሩ አምስት ብቻ ከሆኑ 70 ስትል በእርግጥ የሚሆነው 50 ነው፤ ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ቁጥርህን ወደ መሐል ሳብ።

ትክክለኛውን ውጤት ከስንት አንዴ ማግኘትህ አያሳዝንህ። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ሲሜዮን ፖይሰን እ.ኤ.አ. በ1837 ያሳተመው ቀመር አልፎ አልፎ የሚመጣ ነገር በተወሰነ ጊዜ ውስጥ ዜሮ፣ አንድ፣ ሁለት ጊዜ የመከሰት ዕድሉን ያሰላል፤ ግብም እንደዚያው ነው። ኮፒ ቤት ኮምፒውተር አታጣም፣ ኤክሴል ውስጥ ቀመሩ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። የሚያስፈልግህ ሁለቱ ቡድኖች በአማካይ ስንት ስንት ያስቆጥራሉ ተብሎ እንደሚጠበቅ ነው። እንዲህ ታገኘዋለህ፦ በሊጉ ባለሜዳ በአማካይ 1.5 ግብ ያስቆጥራል እንበል። የዛሬው ባለሜዳ በሜዳው 1.8 እያስቆጠረ ከመጣ የአማካዩ 1.2 እጥፍ ነው። እንግዳው ከሜዳው ውጭ 1.35 እየተቆጠረበት ከሆነ የአማካዩ 0.9 ነው። 1.5 በ1.2 በ0.9 ስታባዛ 1.6 ገደማ ይመጣል። የእንግዳውንም እንዲሁ ሠርተህ 1.1 አገኘህ እንበል። ቀመሩ ባለሜዳው 49፣ አቻ 25፣ እንግዳው 26 ይልሃል። ከሁሉም የሚቀርበው ውጤት 1 ለ 1 ነው፤ የእርሱም ዕድል 12 በመቶ ብቻ! ከስምንት ወይም ከዘጠኝ ጨዋታ አንዱን በትክክል የሚያገኝ ሰው ጎበዝ ነው ማለት ነው። አንተ ውጤቱ ራቀኝ ብለህ የተከፋኸው ከተፈጥሮው ጋር ተጣልተህ ነው።

ማርክ ዲክሰንና ስቱዋርት ኮልስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ይህን ስሌት ሁለት ቦታ አርመውታል። እንደ 0 ለ 0 እና 1 ለ 1 ያሉትን ዝቅተኛ ውጤቶች ለብቻ አስተካከሉ፤ የቅርብ ጊዜ ጨዋታም ከድሮው የበለጠ ክብደት እንዲኖረው አደረጉ። የመጀመሪያውን ለጊዜው ተወው፣ ሁለተኛውን ግን ያዘው። ያለፈው ዓመት መስከረም ጨዋታ የዛሬውን ቡድን ብዙም አይገልጸውም።

የወሬ ብዛት ደግሞ እንዳያታልልህ። ተመራማሪው ፖል ስሎቪክ በ1970ዎቹ የፈረስ ውድድር ገማቾችን ፈትኖ ነበር። መጀመሪያ አምስት መረጃ ሰጣቸው፣ እየጨመረ አርባ አደረሰው። ትክክለኛነታቸው ከነበረበት ፈቅ አላለም፤ በራሳቸው ያላቸው እምነት ግን እየጨመረ ሄደ። ዲኤስቲቪ ቤት ተቀምጦ ስለ አሰልጣኙ ፀብ፣ ስለ አጥቂው ጉልበት፣ ስለ ማሊያው ቀለም ሲወራ የሚሆነው ይኸው ነው። ቁጥርህን መጀመሪያ ጻፍ፣ ወሬውን በኋላ ስማ።

የእኛን ሊግ መገመትህ በጣም ደስ ብሎኛል፤ እዚያ ያለው ሥራ ከእንግሊዙ ይበልጣል። ከእንግሊዝ የተወሰደው 45 በመቶ እዚህ አይሠራልህም። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ የፕሪሚየር ሊጉ ክለቦች ለተወሰኑ ሳምንታት አንድ ከተማ እየተሰበሰቡ ሲጫወቱ ቆይተዋል፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ አዳማ፣ የእናንተዋም ሐዋሳ በየጊዜው አስተናግደዋል። በመርሐ ግብሩ ላይ ስሙ ቀድሞ የተጻፈው ክለብ «ባለሜዳ» ይባላል እንጂ ሜዳውም ደጋፊውም የእርሱ ላይሆን ይችላል። ደጋፊ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን በእንግሊዝም ታይቷል። በኮሮና ምክንያት አብዛኛው ጨዋታ በባዶ ስታዲየም በተደረገበት እ.ኤ.አ. በ2020/21 የውድድር ዘመን እንግዳ ቡድኖች ከባለሜዳዎች የበለጠ አሸንፈዋል። አንተ ግን ሌላ ሰው የሌለው ነገር አለህ፤ ሊጉ ሐዋሳ ሲመጣ እዚያው ነህ። ያኔ ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና በከተማቸው ይጫወታሉ፣ ሌሎቹ እንግዳ ከእንግዳ ይገናኛሉ። በደብተርህ ላይ ሦስት ዓምድ ክፈት፦ በእርግጥ በከተማው የተጫወተ፣ እንግዳ ከእንግዳ የተገናኙበት፣ እርስ በርሳቸው የአንድ ከተማ ክለቦች የተገናኙበት። ድሉን፣ አቻውን፣ ሽንፈቱን ራስህ ቁጠር። ሐዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 ዓ.ም. ዋንጫ ማንሳቱን ሁሉም ያወራል፤ አንተ የምትቆጥረውን ግን ተቀምጦ የሚቆጥር ብዙ ሰው የለም። ይህን ሥራ ከልቤ እመኝልሃለሁ።

አሁን ወደ ጓደኞችህ። «ሹር» ሲሉህ የሚከተለውን ሒሳብ አሳያቸው። እያንዳንዳቸው 70 በመቶ የሚያሸንፉ አሥር ቡድኖችን አንድ ቲኬት ላይ ቢያስሩ፣ አሥሩም የማሸነፋቸው ዕድል 3 በመቶ አይሞላም። ኦዱንም፣ ማለትም ቤቲንግ ቤቱ ለአንድ ብር የሚመልሰውን ቁጥር፣ አስላላቸው። ባለሜዳው 2.10፣ አቻ 3.40፣ እንግዳው 3.50 ቢባል፣ መቶን ለእያንዳንዱ ስታካፍል 47.6፣ 29.4 እና 28.6 ይመጣል። ድምሩ 105.6 ነው። ከመቶ በላይ ያለው የቤቲንግ ቤቱ ድርሻ ነው። ጨዋታ በተጨመረ ቁጥር ይህ ድርሻ በራሱ ላይ እየተባዛ ይሄዳል፤ እንዲህ ያሉ አሥር ጨዋታዎች ሲታሰሩ ቤቱ ከሚቀበለው ከመቶ ብር በአማካይ የሚመልሰው 58 ብር ገደማ ነው፣ ያውም የአሸናፊው ግብር ሳይቆረጥ። አንተ ከዚያ ባለ 45ቱ ሰው በጥቂት የምትበልጥበት ችሎታ ይህን ጉድጓድ አይሞላውም።

ከእንግዲህ ለማንም ጨዋታ አትስጥ። ደብተርህን የማብቂያው ፊሽካ ከተነፋ በኋላ ብቻ ክፈትላቸው። «ግምቴን ከጨዋታው በኋላ አሳያችኋለሁ» በላቸው፤ ሁለት ሳምንት ይነጫነጫሉ፣ ከዚያ ይለምዱታል። ከፈለጉ አብረውህ ይገምቱ፦ ሁሉም ሦስት ሦስት ቁጥሩን በወረቀት ጽፎ ያጥፍ፣ ወረቀቱ ከጨዋታው በፊት ለቤቱ ባለቤት ይሰጥ፣ በኋላ በብራየር ይቆጠር። ገንዘብ አይግባበት።

የልጅነት ጓደኛህ ነገር ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ብሩን ያስያዘው እርሱ ነው፤ ኪራዩን ክፈልለት አልልህም። ግን «እርግጠኛ ነው» ያልከው አንተ ነህ፣ ያለቀለት ነገር አድርገህ ስትነግረው አመነህ። ስለዚህ ሂድ። በስልክ አይሁን፣ በልጆቹ ፊትም አይሁን፤ ቤቱ ሂድ። ስለ ጨዋታው አትከራከር፣ አሰልጣኙ ተጫዋች መቀየሩን አታንሳ። «እርግጠኛ ማለት አልነበረብኝም፣ ይቅርታ» በለው። ዘጋ ብሎ ከመለሰህ ሁለታችሁንም የሚያውቅ አንድ ትልቅ ሰው ይዘህ ተመለስ፤ የልጅነት ጓደኛ በአንድ ሙከራ አይተውም።

ስታወራው ደግሞ ጆሮህን ክፈት። የተበላውን ለማስመለስ እንደገና እያስያዘ ነው? ብድር ውስጥ ገብቷል? ከቤተሰቡ እየደበቀ ነው? አቆማለሁ ብሎ ማቆም አቅቶታል? መልሱ አዎ ከሆነ ይህ የባሕርይ ብልሹነት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ ያስገባው፣ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። የሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ብቻውን ሂድ አትበለው፣ አብረኸው ሂድ። በዚያ ጊዜ አብራችሁ ዲኤስቲቪ ቤት አትቀመጡ፤ ሐይቁ ዳር ተራመዱ፣ ስለ ሌላ ነገር አውሩ።

እህትህ ያሳደገችህ ናት፤ የምትፈራው የከተማው ልጅ ሁሉ ሲገባበት የምታየውን ነገር ነው። በቃል ልታሳምናት አትሞክር፣ ደብተሩን አሳያት። ከሚቀጥለው ሳምንት ጨዋታዎች አሥሩን ስጣትና እሷም ሦስት ሦስት ቁጥር ትጻፍ፤ ማክሰኞ አብራችሁ ቁጠሩ። ሥራው ምን እንደሆነ በእጇ ስትነካው ፍርሃቷ ይቀንሳል። ሁለት ቃልም ግባላት፦ ደብተሩ ዓርብ ማታና ማክሰኞ ማታ ብቻ እንደሚከፈት፣ አንድ ብር ያስያዝክ ቀን ደግሞ ከሌላ ሰው ሳትሰማ አንተው እንደምትነግራት። ያ ቀን ከመጣ ደብተሩን ለእሷ አስረክባት፣ መቼ እንደምትመልስልህም እሷ ትወስን።

አርሰናልን ገምት፣ ግን በሌላ ገጽ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2003/04 ያ ያልተሸነፈው አርሰናል እንኳ ከ38 ጨዋታ ያሸነፈው 26ቱን ነው፤ 12 ጊዜ አቻ ወጥቷል። ያን ዓመት በየሳምንቱ «አርሰናል 95» እያለ የጻፈ ደጋፊ ሽንፈት የሚባል ሳያይ በብራየር ክፉኛ ይቀጣ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የአርሰናልን ገጽ አማካይ ከሌሎቹ ጨዋታዎች አማካይ ጎን አስቀምጠው። ከሌሎቹ ከባሰ፣ ለአርሰናል ድል የጻፍከው መቶኛ በእርግጥ ካሸነፈበት በስንት እንደሚበልጥ ቁጠርና በሚቀጥለው ዓመት ያንን ያህል እየቀነስክ ጻፍ።